ዘጠናው ጥቁር ፎቶ

ኸይረዲን ቆቦ ገበያ ዳር ባለችው ፎቶ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጉርድ ፎቶ ሲቆርጥ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ፊታቸውን አይቶ መልሱን አወቀው።

«አልሰጥም አለ» አሉ አንደኛው። «ሌሊት ከሴት ጋር ሜዳ ለሜዳ ለሚዞር ሰው ልጄን አልድርም ብሎ ምሏል።»

«የምን ሴት?»

«ሰኞ ማታ ዋጃ ሜዳ፣ ከማሽላው ነዶ ዘንድ ቀይ መብራት ይዘህ ነበር አሉ። የሴት ሳቅም ተሰምቷል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ኸይረዲን ሰኞ ማታ ዋጃ ሜዳ መሄዱ እውነት ነው። ቀይ መብራት መያዙም እውነት ነው፤ ኮከብ የሚያነሳ ሰው ነጭ መብራት አያበራም። ግን ብቻውን ነበር። ካሜራውን በየደቂቃው በራሱ እንዲያነሳ አዘጋጅቶ፣ ባጃጁ ውስጥ ገብቶ እንቅልፉን ለጠጠ። የሴት ሳቅ በህልሙም አልሰማም።

ሽማግሌ የላከላትን ልጅ፣ ራዊያን፣ ሦስት ዓመት ጠብቋታል። ስለዚህ በማግስቱ ራሱ አባቷ ዘንድ ሄደ።

ሙሀመድሰይድ የማሽላ ነጋዴ ነው። ሚስቱን ከቀበረ አምስት ዓመቱ ሲሆን፣ ከመጋዘኑና ከመስጊዱ ሌላ መንገድ የማያውቅ ጥብቅ ሰው ነው ይባላል።

«ጋሼ፣ ወላሂ ብቻዬን ነበርኩ። ዘጠና ጊዜ ሰማይ ነው ያነሳሁት።»

«ሰማዩ ምን ሆኖ ነው ዘጠና ጊዜ የሚነሳው? አንዴ አይበቃውም?»

«አንዱ ብቻውን ደብዛዛ ነው። ዘጠናው ሲደራረብ ይጠራል።»

ሙሀመድሰይድ ጢሙን አሻሸ። «እስከ ጁምዓ አምጣና አሳየኝ። ኮከብ ካየሁ ልጄን ውሰድ። ካላየሁ በበሬ እንዳታልፍ።»

ኸይረዲን እየሮጠ ተመለሰና ዘጠናውን ደራረበ። የወጣው ጥቁር ሆነ። አበራው፤ ጥቁሩ ግራጫ ሆነና እንደ ተሰነጣጠቀ ጭቃ ተከፋፈለ። በዚህ ፎቶ እንኳን ሚስት፣ መታወቂያም አይገኝም።

ቢቸግረው የኮምፒውተር አስተማሪዋን ቤተልሔምን ጠራት። ፋይሎቹን አየችና ሳቀች።

«እያንዳንዱን ወደ ስምንት ቢት ቀንሰህ ነው የደረብከው?»

«ፍላሼ ጠባብ ነው። የሰርግ ፎቶም እንዲሁ ነው የማደርገው።»

«ሙሽራ መብራት አላት፤ ኮከብ ግን የለውም። ማሽላ በቁና ብቻ ብትሰፍር፣ ቁና ያልሞላውን እፍኝ ምን ብለህ ትመዘግባለህ?»

«ባዶ።»

«እንግዲህ ዘጠና ባዶ ደምረህ ነው ራዊያን የምትጠይቀው? ካሜራው ያነሳውን፣ ያልተቀነሰውን ጥሬ ፋይል አምጣ፣ በሠላሳ ሁለት ቢት ደርብ። ያኔ እፍኝ እፍኙ ይቆጠራል፣ ሲጠራቀም ቁና ይሞላል።»

ጥሬዎቹ ፋይሎች ደግነቱ ከካሜራው አልጠፉም ነበር። ቤተልሔም ወደ ክፍሏ ሄደች፤ እሱ ሰማዩን ለብቻ፣ መሬቱን ለብቻ አድርጎ መደረብ ጀመረ። አሮጌው ኮምፒውተር ሐሙስን ሙሉ ሲያቃስት ዋለ።

መጀመሪያ ሰማዩ ወጣ። ኮከቡ ኮከብን እየገፋ፣ ከተራራው እስከ ተራራው ነጭ ሆኖ ተነጠፈ። ኸይረዲን «ሱብሃነላህ!» ብሎ ብድግ አለ፤ ወንበሩ ወደቀ። ሚስት አገባ ማለት ነው።

ከዚያ መሬቱን አበራ። ነዶው ታየ፤ ድንጋዩ ታየ፤ ድንጋዩ ላይ ሁለት ሰዎች ታዩ።

ጀርባቸውን ለካሜራው ሰጥተው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተቀምጠዋል። እንዲህ ሲደረብ አላፊ አግዳሚ ይጠፋል፤ የሚቀረው ሳይንቀሳቀስ የቆየ ብቻ ነው። እነዚህ ቆይተዋል። አንዱ ወንድ፣ አንዷ ነጭ ሻርፕ ያጠለቀች ሴት።

ራዊያ ነጭ ሻርፕ አላት።

ኸይረዲን የወደቀውን ወንበር ሳያነሳ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰኞ ዋጃ እንደሚሄድ የነገረው ለእሷ ብቻ ነው። «መሬቱም ይታያል እንዴ?» ብላ ጠይቃው ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሲደውልላት ደግሞ እያዛጋች ነበር የመለሰችው፤ «አባቴ ማሽላ አስጭናለሁ ብሎ ወጥቶ አምሽቶ መጣ፣ ስጠብቀው እንቅልፍ አጣሁ» ብላ። አባት ከቤት የለም፣ ልጅ እንቅልፍ የላትም። ሁለትና ሁለትን ደመረ፤ ይህን ለመደመር ስምንት ቢትም ይበቃል።

የታችኛውን ቆርጦ ሰማዩን ብቻ ሊያሳይ አሰበ። ግን ሌላ ሰው የምትወድን ልጅ በቁራጭ ፎቶ ማግባት ምን ይባላል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብሎ፣ እንዳለ ይዞት ሄደ።

ጁምዓ ጠዋት ሙሀመድሰይድ መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ኸይረዲን ላፕቶፑን ከፈተ።

«ማሻአላህ!» አለ ሙሀመድሰይድ። «ይሄ ሁሉ ከላያችን ነበር?» ጣቱ በኮከቦቹ ላይ እየሄደ፣ እየሄደ፣ ወደ ታች ወረደ። ከድንጋዩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ኸይረዲን ከጎኑ በርከክ አለ። «ጋሼ፣ ሰዎቹን ተኝቼ አላየኋቸውም። ወንዱን አላወቅሁትም። የሴቷ ሻርፕ ግን… ለመናገር ከበደኝ።»

ሙሀመድሰይድ መነጽሩን አወለቀ፣ በጋቢው ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ተነስቶ የመጋዘኑን በር ዘጋ።

«ራዊያ አይታዋለች?»

«ኧረ አላየችም። ማንም አላየም።»

«የታችኛውን ቁረጠው።»

«ከዚያስ፣ ጋሼ?»

«ከዚያማ ኒካው ለሚመጣው ጁምዓ ይሁን፤ ያንተም፣ የኔም።»