ተመትቶ ወይስ ተንሸራትቶ

ከዚያ ግጥሚያ ወዲህ መዶሻው በሚሉት ቦክሰኛ ዓይን እንቅልፍ አልዞረም። መሸነፍ ለቦክሰኛ ብርቅ አይደለም፤ እሱን ያንገበገበው ሳይመታ መሸነፉ ነው።

በሦስተኛው ዙር፣ ልጅ እግሩ ተጋጣሚው ጓንቱን ሳያሳርፍበት፣ መዶሻው ሪንጉ ላይ ዘጭ አለ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ተመትቶ የወደቀ ይቆጠርበታል፣ ተንሸራትቶ የወደቀ ጓንቱ ተጠርጎለት ይቀጥላል። ዳኛው ግን ጣቱን እያነሳ እስከ ስምንት ቆጠረበት። በስድስተኛው ዙር እንደገና ሳይመታ ሲወድቅ ጭራሽ መቁጠሩንም ትቶ እጆቹን አወናጨፈና ጨዋታውን አቆመ።

አሰልጣኙ ምክንያት ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። ዳኛው ራሱ የድሮ ቦክሰኛ ነበር፤ መንጋጋውን ሰብሮ ከሪንግ ያስወጣው ደግሞ መዶሻው ነው። ቂሙን አርግዞ ኖሮ ዛሬ ወለደው አለ አሰልጣኙ። መዶሻውም አመነው። ወለሉ ላይ ውሃ ፈስሶ እንደነበር ላገኘው ሁሉ ማለ።

የፌዴሬሽኑ ሰዎች ዳኛውን ጠርተው ሲጠይቁት፣ ተመትቷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ድርቅ አለ። የግጥሚያው ፊልም ግን የሚያሳየው ሌላ ነው። የዳኝነት ፈቃዱን ቀሙት፤ ግጥሚያውም እንዲደገም ተወሰነ።

መዶሻው ግን ይህ አልበቃውም፤ እውነቱን ከሰውዬው አፍ መስማት ፈለገ። ሚስቱ የሸሚዙን ቁልፎች እየቆለፈችለት፣ ተወው፣ እንጀራውን እንደሆነ አጥቷል ብላ ለመነችው። አልሰማትም። የዳኛውን ቤት ደረጃ መደገፊያውን ይዞ እየተጎተተ ወጣ። የግጥሚያው ድካም ገና ከጉልበቱ አልለቀቀም።

ዳኛው በሩን ከፍቶ ሲያየው አልደነገጠም። ወንበር ሳበለት፤ ሻይ ቀዳለት። መዶሻው ብርጭቆውን ሲያነሳ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። ንዴት ነው ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

«አልተመታሁም» አለ።

«አልተመታህም።»

ለጠብ ታጥቆ ለመጣ ሰው እንዲህ ያለው መልስ ጉልበት ይሰብራል።

«ታዲያ ለምን ዋሸህ?»

«ተንሸራተተ ብል ትቀጥል ነበራ።»

«ቂም ነው በለኛ! ወለሉ ውሃ ነበር፤ ማንም ሰው ይንሸራተታል።»

ዳኛው ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቀፈ። ሲናገርም ምላሱ እየተጎተተበት ነበር፤ በጭንቅላቱ ላይ ከወረደው ቡጢ ብዛት፣ ቦክስ ካቆመ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚናገረው።

«ከየዙሩ በፊት ውሃውን በፎጣ ያደረቅሁት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ። ሁለቱንም ጊዜ ወለሉ ደረቅ ነበር።»