ደመና ሲመጣ

ባለቤቴ ፉፋ እንጦጦ ላይ ደመና ካየ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሶኬቱን ይነቅላል። «መብረቅ ያቃጥለዋል» ይላል። ገመዱንም ጠቅልሎ በአሮጌ የጫማ ማሰሪያ ያስረዋል። ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀንበታል።

ፉፋን ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ከቀበርነው ወዲህ ኮምፒውተሩ ሥራዬን ሳልጨርስ በራሱ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ይዘንባል።

የኮምፒውተር ጠጋኙ ኦልያድ ከሰዓት በኋላ ቤት ድረስ መጣ። አቧራውን ጠረገ፣ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ፓወር ሰፕላይ ቀየረ፣ ከፍቶም መቼና እንዴት እንደጠፋ መዝገቡን አየ።

«እትዬ ሒሩት፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው» አለኝ። «መብራት ተቋርጦበትም አይደለም የሚጠፋው። ሰው ነው በሥርዓቱ የሚዘጋው።»

«የምኖረው ብቻዬን ነው።»

«እንግዲህ…» ብሎ ሳይጨርስ ስክሪኑ ጠፋ።

ኦልያድ ገመዱን ሊያይ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ብዙ ቆየ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሶኬቱ ተነቅሏል። ገመዱ ተጠቅልሎ በጫማ ማሰሪያ ታስሯል።

«እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

«አይደለሁም።»

በመስኮቱ አየሁ። ፀሐይ ነው፤ ሰማዩ ላይ አንድም ደመና የለም።

ያሰጣሁትን ልብስ ላስገባ ወጣሁ።