ፀዳል መቼ ትመጣለች

«ውሸት ነው» ትላለች ሳሌም መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ። «ያን ሁሉ አገር ዞሮ ፈልጎ ካገኛት በኋላ በር ላይ ቆሞ አይቷት ብቻ ይመለሳል? እኔ ብሆን ፀጉሯን ይዤ ነበር የማስታውሳት።»

ሁላችንም እንስቃለን። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መዓዛ ቤት እየተሰበሰብን፣ ከአዲስ አበባ በሰው ሻንጣ የመጣ ልብ ወለድ ተዟዙረን ካነበብን በኋላ እንጨቃጨቅበታለን። የዛሬው አደጋ ደርሶባት ማን መሆኗን የረሳች ልጅ ታሪክ ነው። ሚስቱ የጠፋችበት ሀብታም «የኔ ናት» ብሎ ከሆስፒታል ይወስዳታል። እውነተኛው እጮኛዋ ከስንት መከራ በኋላ ሲደርስ ለሌላው ሰው ከረባት ስታስርለት ያገኛታል፤ ስሙን እንኳ ሳይነግራት ይሄዳል።

«መናገር ነበረበት» ትላለች መዓዛ። ነርስ ናት። «እኛ ሥራ ቦታ ፔሸንቶቹን ሁሌ ሪማይንድ እናደርጋለን። ስም ይጠራል፣ ፎቶ ይታያል። ፍቅር ካለ አእምሮ ቢረሳ ልብ አይረሳም።»

«ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይላሉ እትዬ አፀደ፣ የሁላችን ታላቅ።

እኔ ዓይኔን ወደ መስኮቱ እመልሳለሁ። ባሌ ኪዳኔ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ብቻውን ስለማይሆን ይዤው እመጣለሁ፤ እነሱም ለምደውታል።

የኛን ጉድ ግን አያውቁም። ሁሉም ሮማን ይሉኛል። ሮማነወርቅ የኪዳኔ ታላቅ እህት ነበረች፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የስደተኞች ካምፕ ሳሉ፣ ወደ አሜሪካ የመግባት ጉዳያቸው ካለቀ በኋላ ወባ ገደላት። እኔ እጮኛው ፀዳል ነበርኩ። በሟቿ ስም እህቱ ሆኜ አሜሪካ ገባሁ። «ማን ናት?» ሲባል «እህቴ» እንዲል፣ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት እንኳ እንዳይሳሳት፣ ስንት ጊዜ እንዳለማመድኩት እኔ ነኝ የማውቀው። እዚህ ደግሞ ሚስት የባሏን የአባት ስም መያዟ ያገሩ ወግ ነውና፣ ባልና ሚስት ነን ስንል ማንም አልጠረጠረንም። ፀዳል ብሎ የሚጠራኝ ኪዳኔ ብቻ ነበር፣ እሱም ቤታችን ውስጥ።

ስትሮኩ ትዳራችንን ከአእምሮው ጠርጎ ወሰደና ያለማመድኩትን ተወለት። አሁን እህቱ ነኝ። እህቴ ሲለኝ ሲሰሙ እነመዓዛ ማቆላመጥ ይመስላቸዋል።

ፀዳል እኔ ነኝ ብዬ ነግሬዋለሁ። ስም ጠርቻለሁ፣ ፎቶም አሳይቻለሁ፣ እግሩ ሥር ተቀምጬ አልቅሻለሁ። «ሮማን፣ በእሷ አትቀልጂ» ብሎ አኩርፎኝ ሰነበተ። ምን ልበል እንግዲህ? ለኔው ተቆርቁሮ እኔኑ ሲያኮርፈኝ ልከፋ ወይስ ደስ ይበለኝ? እናት አባቴ የሉም፣ የካምፑ ሰው ተበትኗል። እሱ ካላወቀኝ ፀዳል የምትባል ሴት መኖሯን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

«አንቺስ ሮማን?» ይሉኛል እትዬ አፀደ። የሁሉንም አስተያየት ሳይሰሙ መጽሐፍ አይዘጉም። «መናገር ነበረበት ትያለሽ?»

«ቢናገርስ እትዬ? አላውቅህም ብትለውስ? አሁን ቢያንስ ብነግራት ታውቀኝ ነበር እያለ መኖር ይችላል።»

«አንቺ ደግሞ ሆድ ታስብሻለሽ» ትላለች ሳሌም።

ኪዳኔ ወደኛ ዞር ይላል። በመስኮቱ፣ ከአዳዲሶቹ ቤቶች ጣሪያ በላይ፣ የድሮው ኤርፖርት ታወር ይታያል። ይሄ ስቴፕልተን የሚሉት ሰፈር በሙሉ የተሠራው የተዘጋው ኤርፖርት መሬት ላይ ነው። ያኔ ከሱዳን ስንመጣ እኔና እሱ ያረፍነውም እዚሁ ነበር። ታወሩን ሲያይ ነው የዋለው።

«ሮማን፣ አውሮፕላኑ ዘገየ እንዴ?»

«የቱ አውሮፕላን ጋሼ?» ትለዋለች ሳሌም።

«ፀዳል የምትመጣበት።» የሸሚዙን ኮሌታ በደህና እጁ ያስተካክላል። ከዚያ እኔን ብቻ እያየ ይናገራል። «እንቅልፍ ከጣለኝ አንቺ ተቀበያት። ደክሟት ነው የምትገባው። ትቶሽ ሄደ ብለው ነግረዋት ይሆናል፤ አልተወሽም፣ ቤት ይዞ እየጠበቀሽ ነው በያት። ሌላ ሴት ቀና ብሎ አላየም በያት።»

«እላታለሁ።»

«እንዳትረሺ።»

«አልረሳም ኪዳኔ።»

ተመልሶ ወደ መስኮቱ ይዞራል። እትዬ አፀደ ዓይናቸውን ከኔ ያሸሻሉ። መዓዛ ወንበሯን አስጠግታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትጠይቀኛለች።

«ፀዳል ማናት?»

እኔ ነኝ ልል አፌን እከፍታለሁ። ግን ኪዳኔ ይሰማል። ደግሞ ይቆጣል፣ ደግሞ ያኮርፋል፣ መልእክቱን አምኖ የሚሰጣትን እህቱንም ያጣል።

«ሚስቱ ናት» እላለሁ።

መዓዛ እጄን ጭብጥ አድርጋ ትይዘኛለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አይዞሽ የኔ እናት» ትለኛለች በሹክሹክታ። «የድሮ ነገር ነው፣ ተምታቶበት ነው። እሷ አለፈች፤ ያለሽው አንቺ ነሽ።»

ከዚያ በላይ አልችልም። ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ አሁን ጮክ ብዬ አለቅሳለሁ። ሳሌም ውሃ ልታመጣ ትሮጣለች። ኪዳኔ ለቅሶዬን ሰምቶ ወንበሩን ተደግፎ ይነሳል፣ ግራ እግሩን እየጎተተ ምንጣፉን አቋርጦ ይመጣል።

«አታልቅሺ እንጂ» ይለኛል። «ትመጣለች።»

ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ይስመኛል፣ ወንድም እህቱን እንደሚስም።