የሦስት ኪስ እንግሊዝኛ

የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን በር ጎተተች፤ አልከፈት አለ። ደግማ ጎተተች። ውሃ የያዘ ማሽን አጥቦ ሳይጨርስ በሩን እንደማይለቅ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እጇ ግን አልሰማ አለ። ከመስታወቱ ወዲያ የገዛ ራሷ ሰማያዊ ጋዋን ከሆቴሉ አንሶላዎች ጋር ይገለባበጣል። በሦስቱ ኪሶቹ ውስጥ ሃያ አንድ ቁራጭ ካርቶን አለ።

«ኪሱን ሳትፈትሺ ከተትሽው?» አለቻት ልብስ ተኳሿ፣ ካውያዋን አየር ላይ እንደያዘች።

በዚህ ሆቴል ስሟ «በርባሪዋ» ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ኪሱ ሳይበረበር እሷ እጅ ላይ ውሃ የነካው ሸሚዝ የለም። እስክሪብቶ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ አንድ ጊዜማ ሰው ሠራሽ ጥርስ አውጥታ በፖስታ አሽጋ ለባለቤቱ መልሳለች። ዛሬ ለፈተናው በቆሸሸ ጋዋን ላለመቅረብ ብላ አውልቃ ስትከተው ግን የራሷ ልብስ ኪስ ያለው አልመሰላትም።

በወሩ መጨረሻ የማጠቢያው ክፍል ይዘጋል፤ ልብሱ ውጭ ሊታጠብ ነው። ተኳሿ ትቀራለች፣ የካውያው ክፍል አይዘጋምና። ከአራቱ አጣቢዎች ግን አንዷ ብቻ ወደ እንግዳ መቀበያ ትዛወራለች፤ እንግሊዝኛ የምትሞክረዋ። ሌሎቹ በየቤታቸው። ሥራ አስኪያጁ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ራሱ ወርዶ ይፈትናታል። አሁን ለአራት ሩብ ጉዳይ ነው፤ ማሽኑ ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል።

መቆም አቃታት። ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች፤ የታጠፈ ፎጣ ፈትታ እንደገና አጠፈች፤ እሱኑ ፈታችው።

ካርቶኖቹን የጻፈችላት ልጇ ናት። ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች፤ ቁጣዋ የርእሰ መምህር ነው። ሦስት ቅዳሜ ቁጭ አድርጋ አስጠናቻት፤ ፊቱ ላይ የእንግሊዝኛው ቃል፣ ጀርባው ላይ ትርጉሙ። ቀኝ ኪስ ሰላምታ፣ ግራ ኪስ ሙገሳ፣ የደረት ኪስ ውርጅብኝ። እንግዳ ሲገባ ሰላም ይላል፣ ደስ ሲለው ያሞግሳል፣ ሲከፋው ግን ቃል ያዘንባል ብላ አስረዳቻት። «የሚዘንብብሽን ካላወቅሽ ትስቂለታለሽ፣ እማ» አለቻት።

«በይ ቁጠሪያቸው» አለች ተኳሿ። «ማሽኑ ጭንቅላትሽን አላጠበው።»

እውነትም አላጠበውም። ወዲያ ወዲህ እያለች ጠራቻቸው። ከጉድ ሞርኒንግ እስከ ዌልካም ሰባቱም ሰላምታዎች መጡ። ወንደርፉል፣ ኤክሰለንት፤ ስድስቱም ሙገሳዎች መጡ። ውርጅብኙን በጣቷ ትቆጥረው ጀመር። ተሪብል፣ ሆሪብል፣ ዲስገስቲንግ እያለች ሰባት ደረሰች። ስምንተኛው ላይ እግሯ ቆመ።

«ዩዝለስ» አለች በቀስታ።

ይቺን ቃል ልጇ አላመጣቻትም። እናትየው ራሷ ናት ለልጇ በኩራት የነገረቻት። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ጠዋት በበሩ ብቅ ይልና ከአራቱ እሷን ብቻ ለይቶ፣ ፈገግ ብሎ፣ «ዩዝለስ» ይላታል። እሷም «ቴንኪዩ፣ ጌታዬ» ትለዋለች። አለቃዬ ይወደኛል ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። ልጇ ይህን የሰማች ቀን ቃሏን ጻፈች፣ ጀርባውን ባዶ ተወችው፣ እናቷን ቀና ብላ ሳታይ ካርቶኗን ደረት ኪስ ውስጥ ከተተቻት። እናትየው ልጄ ቦታ ተሳስታ ነው ብላ አልፋው ነበር።

ተኳሿ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። አጣቢዋ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀቻት።

«አሁን ተዪው፣ እህቴ።»

«ንገሪኝ።»

«የማትረቢ ማለት ነው» አለች ተኳሿ፣ ሸሚዙን እያየች። «ምን ብዬ ልንገርሽ? ፊትሽ በርቶ ስታመሰግኚው እያየሁ።»

ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ስድቡስ ይሁን፤ ስድብ ብርቋ አይደለም። ያንገበገባት ምስጋናዋ ነው። ስንት ጠዋት? ልትቆጥር ጀመረችና ተወችው።

የጫማ ድምፅ በደረጃው ወረደ። ተኳሿ ተጠግታ በሹክሹክታ ለመነቻት፦ «ዛሬን ብቻ ቻይው። የልጅሽን ጉሮሮ አስቢ።»

ሥራ አስኪያጁ ፋይል በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ፈገግታው የየጠዋቱ ነው።

«ዩዝለስ» አለና እንደ ልማዱ መልሱን ጠበቀ።

ቴንኪዩዋ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ ልማድ ክፉ ነው። ዋጠቻት።

«ጉድ ሞርኒንግ፣ ጌታዬ» አለችው። አልሳቀችም።

ፈገግታው ፊቱ ላይ መሄጃ አጣ። ወደ ተኳሿ ዞረ፤ ተኳሿ ያንኑ እጅጌ ለአራተኛ ጊዜ ትተኩሳለች። ጉሮሮውን ጠርጎ ፋይሉን ገለጠ፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ ምንም እንዳልተጻፈ ሁሉ ሁለተኛውን ገለጠ። ከየት እንጀምር አለ፣ ቀና ሳይል።

የፈታችውን ፎጣ አጥፋ አስቀመጠች።

«ሰላምታውን እኔ ብያለሁ፤ ውርጅብኙን እርስዎ ብለዋል» አለችው። «ሙገሳው ብቻ ነው የቀረን፣ ጌታዬ።»

ከጀርባዋ ማሽኑ ውሃውን አፍስሶ መጭመቅ ጀመረ፤ የካርቶን ፍርፋሪ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። ዞራ አላየችውም። ኪስ በሌለው ቀሚሷ ፊቱ ቆማ ጥያቄውን ጠበቀች።