ባለ ጽጌረዳው ሰደፍ

ሃዊ ገላና አዳማ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት ከከፈተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ናሙናዎቿን በቁጥር ለይታ፣ በመጠን አከታትላ ግድግዳው ላይ ትሰቅላለች። የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ግን ናሙናውን ከማየቱ በፊት «ባለሙያው የት ሄደ?» ይላታል።

ወይዘሮ ጥሩነሽ እንዲህ አላሉም። በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፤ በፌስታል የተጠቀለለ የተሰነጠቀ የጠመንጃ ሰደፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ይህን የሚተካ ትሠሪልኛለሽ፣ ልጄ። ያማረ ይሁን።»

«ጠመንጃው ራሱስ?»

«ብረቱም ፈቃዱም ወለንጪቲ ነው። መግጠሙን ለእኛ ተዪው።»

ሃዊ ሰደፉን ለካች። ከተለመደው በሁለት ጣት ያጥራል፤ ጫፉ በመጋዝ ተቆርጧል።

«ላስረዝመው፣ እትዬ?»

«እንዳትነኪው! ልኩ ይኸው ነው።»

«ምን ሰነጠቀው?»

«ከርከሮ። በቆሎውን ሊፈጅ ገብቶ፣ ጥይት አልቆ፣ ግንባሩን በሰደፍ ተባለ።» እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ሃዊ ሦስት ንድፎች ዘረጋች። ልሙጡን ገፉት። መረብ መሳዩን «የሽንኩርት ጆንያ» ብለው አፌዙበት።

«ጽጌረዳ የለሽም?»

«ጽጌረዳ ለአልጋ ራስጌ ነው።»

«እንግዲያው ከአልጋው ገልብጪልኝ። ዙሪያውን ሐረግ ይዙርበት። እንጨቱ ዋንዛ ይሁን፤ ወይራ ይከብዳል። እና ለዓርብ አድርሺልኝ።»

«ምን አስቸኮለዎት?»

«ሐኪሞቹ አንድ ወር ብለው ነበር፤ ሃያው ቀን አልፏል» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ የገበያ ዋጋ እንደሚናገር ሰው። «ለቅሶው ላይ ከፎቶው አጠገብ ይቆማል። የእኛ የቦሰት ሰው እንደሆነ ጠመንጃ ሳያይ አያለቅስም። ግን ከሞት በፊት መታየት አለበት።»

ሃዊ ንድፎቹን ሰብስባ አጠፈች። ሕመምተኛው ገና እየተነፈሰ ሚስቱ የለቅሶውን ጌጥ ታማርጣለች፤ እሱም አልበቃ ብሏት ፊቱ ልትደቅንበት ነው! አርሲ ነገሌ አባቷ ሲያጣጥሩ አንዲት ዘመዳቸው ራስጌያቸው ቆማ፣ ድንኳኑ ስንት ሰው እንደሚይዝ ስትጠይቅ ሃዊ ሰምታለች። አባቷም ሰምተዋል። ከዚያች ቀን ወዲህ ሃዊ ያችን ሴት ጨብጣ ሰላም ብላት አታውቅም።

ሥራውን ልትመልሰው አሰበች። ብትመልሰው ሌላ አናጢ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ተቀበለችው።

ሰደፉ በአራተኛው ቀን አለቀ። ጽጌረዳው ገና የፈነዳ ይመስል ነበር፤ ማማሩ ራሱ አስጠላት። በጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ያ ምስኪን በሰላም እስኪያርፍ ድረስ ይህ ዕቃ ከዚህ አይወጣም።

ዓርብ ስልክ ተደወለ።

«የቀባሁት ዘይት አልደረቀም» አለች ሃዊ።

«በአዳማ ፀሐይ የማይደርቅ ዘይት ከየት አመጣሽ?» ወይዘሮ ጥሩነሽ ሳቁ፤ ሳቁ ግን አጭር ነበር።

ማክሰኞ እንደገና ደወሉ። ድምፃቸው ሰልሏል። «የልመና ድምፅ ማስመሰል ስታውቅበት!» አለች ሃዊ በልቧ።

«ሕመሙ በርትቷል፣ ልጄ። እርጥብም ቢሆን ላኪው፤ ልየው።»

«ያልተጠናቀቀ ሥራ ከቤቴ አይወጣም፣ እትዬ።»

ስልኩን ዘግታ እጇን በሳሙና ታጠበች።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ረጅም ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ። አብተው እባላለሁ አሉ፤ ከወለንጪቲ የመጡት ለሰደፉ ነው። ጥቁር ለብሰዋል። ሃዊ ሁሉ ነገር ገባት። ቁም ሣጥኑን ከፍታ፣ ጨርቁን ፈትታ፣ ሰደፉን በሁለት እጇ አቀበለቻቸው። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን በጽጌረዳው ላይ ደጋግመው አሻሹ።

«መቼ ደረቀ?» አሏት።

«ከደረቀ ሰንብቷል» አለች ሃዊ፤ ከእንግዲህ የምትደብቅበት ምክንያት አልነበራትም። «እግዜር ያጥናችሁ። ለመሆኑ የወይዘሮ ጥሩነሽ ባል መቼ አረፉ?»

«ባሏስ እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው፤ «ጠመንጃው የእሷ ነው፤ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት እንቀብራታለን።»