የሜቲ መኳያ

የሜቲ አርባ ሳይወጣ የልብ ጓደኛዋ አያንቱ ካዛንቺስ ወዳለው ቤቷ ጠቅልላ ገባች። የሟቿ ቀሚስ ልኳ ሆነ፤ ባሏ ለሊሳም ልኳ ሆነ። ያልወደደችው መስኮቱ ላይ ያለችውን ዝንብ በል ተክል ብቻ ነበር። ሽፋሽፍት ያላቸው ቅጠሎቿ ዝንብ አንዴ ስትነካቸው ዝም፣ ስትደግማቸው ግጥም ይላሉ።

«አበባዋን ከአፎቿ አርቃ በረጅም አገዳ የምታወጣው ንቦቿን እንዳትበላ ነው» አላት ለሊሳ። «ሜቲ ‹የሚያገለግላትን አትነካም› ትል ነበር።»

አያንቱ ስቃ ነጩን አበባ ቀጠፈችና ጸጉሯ ላይ ሰካችው። መስታወት ፊት ተቀምጣም የሜቲን ኩል ተኳለች።

«ኧረ መኳያውን ተይው!» አለ ለሊሳ ደንግጦ። «ቤት ውስጥ ንብ ስለማይገባ፣ ሜቲ የአበባውን ብናኝ ካንዱ ወደ ሌላው የምታደርሰው በሱ ነበር።»

«ታዲያ ምን ይጠበስ?»

ዝንብ መጥታ የዐይኗን ቆብ ነካች። እጇን ልታነሳ ስትል ዝንቧ ደገመቻት። ዐይኗ ግጥም አለ። የላይና የታች ሽፋሽፍቶቿ እንደ ጣት ተቆላለፉ፤ ብትታገል አልላቀቅ አሉ። ዝንቧ ከቆቧ ስር ስትርገበገብ ይሰማታል።

ለሊሳ ሊረዳት ጣቱን ዘርግቶ ቀረበ። ሌላኛው ዐይኗ፣ እሷ ሳታዘው፣ ወለል ብሎ ተከፍቶ ጠበቀው።