የፈነዳው ባሩድ

ዩርሌይ በወረቀት የተጠቀለለውን ባሩድ በራሷ እጅ ጭቃው ላይ ስታስቀምጥ፣ ቢራ የያዙት ተጫዋቾች ሁሉ ዞረው አዩዋት። ቴሆ የሚባለው ጨዋታ ብረት ወርውረው ጭቃው ላይ ያለውን ባሩድ ካላፈነዱበት ምኑ ቴሆ ነው? ግን መንደሩ ውስጥ ከተተኮሰ ወዲህ ልጅቷ ድምፅ በሰማች ቁጥር ጠረጴዛ ስር ትገባ ስለነበር፣ ለእሷ ሲሉ ሁለት ዓመት ያለ ባሩድ ተጫወቱ። አጎቷም ሁልጊዜ «ነይ ውጪ፣ አልፏል» እያለ እጇን ይዞ ያወጣት ነበር።

«ተይ የኔ ልጅ፣ እንዲሁም ጨዋታ ነው» አላት አሁን።

«ጭቃ ማቡካት ነው እንጂ ምን ጨዋታ ነው!»

ብረቱን በመዳፏ መዘን መዘን አደረገችው። ከዚያም ወደ ጭቃው ወረወረችው።

ባሩዱ ጧ ብሎ ፈነዳ። ሁሉም ጠረጴዛው ስር ሊፈልጓት ጎንበስ አሉ። እሷ ግን እዚያው ቆማ ነበር። ጠረጴዛው ስር ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ የተኮራመተው አጎቷ ነበር።

ሄዳ ቁጢጥ አለችና እጇን ዘረጋችለት።

«ና ውጣ ጋሼ፣ አልፏል» አለችው። «ደግሞ ነጥቤን እንዳትክደኝ።»